ክፉነቴን የቀማኝ ልብስ ሰፊ

እናንተ ፊልም ስታዩ ዓይናችሁ ማን ላይ ነው የሚያርፈው? "አክተሩ ላይ" ብላችሁ እንዳትዋሹኝ። አክተር አይሞትም። እንደማይሞት አስቀድሞ የታወቀ ሰው ደግሞ ምኑ ያጓጓል? የእኔ ዓይን ከልጅነቴ ጀምሮ ክፉው ላይ ነው።

ድሮ አሶሳ ገበያው ጥግ ግድግዳው ከቀርከሃ የተሠራ ቪዲዮ ቤት ነበር። ጄኔሬተሩ በሩ ላይ ቆሞ ስለሚያጓራ ማን ምን እንደተናገረ አይሰማም፤ ቢሰማም ቋንቋው የህንድ ነው። ክፉው የቱ እንደሆነ ግን ጠፍቶን አያውቅም። እሱ ብቅ ሲል ለውዝ የሚፈለፍለው ሁሉ መፈልፈሉን ያቆማል። አንዱን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ብርቱካን እየላጠ ሰው ያስገድል ነበር። ልጣጩ ሳይበጠስ እንደ ክር ይወርዳል፤ የመጨረሻዋ ጫፍ መሬት ስትነካ ሰውየውም ይወድቃል። ሌላው ደግሞ የእናቱን ጉልበት ስሞ፣ መድኃኒቷን በማንኪያ አጠጥቶ፣ ብርድ ልብሷን ደርቦላት ይወጣና መንደር ያቃጥላል። የእነዚህን ፊልሞች አክተሮች መልክ ብትጠይቁኝ አላውቅም። አንዱ ጢም ነበረው መሰለኝ። ምናልባትም ሁሉም።

ከዚህ ተነስቼ የደረስኩበት ጥበብ አለኝ። አክተር በጡንቻው ይወደዳል፤ ክፉ በአመሉ ይታወሳል። ሙያዬ ጂኦግራፊ ማስተማር ስለሆነ ይህን ጥበብ በዓባይና በዳቡስ መሀል ሸጎጥ እያደረግሁ ለተማሪዎቼ ሁሉ አስተላልፌያለሁ። ዳቡስ ወዴት እንደሚፈስ የረሱ ተማሪዎቼ የብርቱካኑን ልጣጭ ዛሬም ያስታውሱታል። የትምህርት ጥራት ወደቀ የሚሉኝ ሰዎች ይህን አያዩም።

ከነዚያ ተማሪዎች አንዷ ሃያት ናት። አንድ ቀን ሳታጠና መጥታ ከክፍል ያስወጣኋት፣ ውጭ ቆማም በመስኮት ስታዳምጠኝ የነበረች ልጅ። ቴአትር ተምራ ወደ አሶሳ ስትመለስ የተዋሰችውን ካሜራ ተሸክማ መጣችና ፊልም ልሠራ ነው አለች። ያውም የታሪክ ፊልም። ታሪኩ በአሥራ ዘጠኝ መቶ ዓመተ ምሕረት ገደማ የሆነ ነው፤ ነጋዴው አህያና ግመል ጭኖ ወደ ሱዳን በሚመላለስበት ዘመን። አንድ ሀብታም ነጋዴ በበጋ ወራት የአንድን መንደር ብቸኛ የውሃ ጉድጓድ ይይዝና ሰዉን ውሃ ይከለክላል። በመጨረሻ አንድ ጎበዝ ተነስቶ ያስለቅቀዋል።

ይህን ስሰማ ጎበዙ ማን ይሆናል ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም። ነጋዴው እኔ ነኝ! ለዚህ ነበር የተፈጠርኩት።

ልምምዱን በሳቅ ጀመርኩ። ክፉ ሰው ሳቅ ከሌለው ምኑን ክፉ ሆነ? ጠዋት ጠዋት መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ እስቃለሁ። በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ ሰዓዳ በሩን አንኳኳች።

"አንተ፣ ሆድህን ነው?"

"እየሳቅሁ ነው!"

"ምን የሚያስቅ ነገር አለ እዚያ ውስጥ?"

በማግስቱ ጎረቤታችን ነጭ ሽንኩርት በማር ይዛ መጣች። "ለእንዲህ ያለው ቁርጠት ፍቱን ነው" አለችኝ። እምቢ ብል ሰዓዳ ስለተቆጣች ዋጥኩት። ለሥነ ጥበብ ያልከፈልኩት ዋጋ የለም።

የተዋናይ ምርጫው ቀን የትምህርት ቤታችን አዳራሽ ውስጥ ሰው ተሰበሰበ። እዚህ ላይ ባበክርን ላስተዋውቃችሁ። ባበክር ልብስ ሰፊ ነው። የስፌት መኪናው ከቤቴ ሁለት አጥር አለፍ ብሎ በማንጎ ዛፍ ሥር ተተክሏል፤ እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ሳላርፍበት፣ ሻዩንም ሳልጠጣ አላልፍም። የበርታ ሰው ነው፤ አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም፣ ልቡ ግን ክፉና ደግ ጠንቅቆ ይለያል። ጉንዳን መኪናው ላይ ሲወጣ እስኪሻገር ጠብቆ ነው መርገጡን የሚቀጥለው። ያን ቀን የመጣው ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የተዋናዮችን ልክ ሊወስድ ነው እንጂ ሊወዳደር አልነበረም።

ተራዬ ደረሰ። መድረኩ መሀል ቆሜ ደረቴን ነፋሁና ሳቅሁ። ጣሪያው ውስጥ የተኙት የሌሊት ወፎች በሙሉ ወጡ። ሳቄን ስጨርስ ሃያት በጣም በርኅራኄ እያየችኝ ነበር፤ በሽተኛ የሚጠየቅበት ዓይነት አስተያየት።

"ቲቸር፣ በጣም አመሰግናለሁ። ግን ፊትዎ የዋህ ነው። ጎበዙን ይሁኑልኝ።"

"ጎበዙን?"

"ጎበዙን።"

ምን እላለሁ? ሌላው ሰው ጎበዝ ሁን ሲባል ይጨፍራል፤ እኔ ወንበር ላይ ዘፍ አልኩ። ባበክር ያኔ ልኬን ሊወስድ መጣና ሜትሩን አንገቴ ላይ ጠመጠመ። ሁለት መርፌ ቁልፍ በከንፈሩ ይዟል። አንገቴን ለረጅም ጊዜ፣ እያዘነ፣ ትኩር ብሎ አየው።

"አንገትህ ቀጭን ነው" አለኝ በዚያ ከሹክሹክታ ትንሽ ከፍ በሚል ድምፁ። "አይዞህ። ቶሎ ያልቃል።"

ልክ መውሰዱን ማለቱ ነበር። አዳራሹ ግን ጸጥ አለ። ሃያት እስክሪብቶዋን ጥላ ብድግ አለች።

"ጋሽ ባበክር! እንዳይንቀሳቀሱ! እስቲ ይድገሙት!"

"ምን ልድገም?" አለ ባበክር ደንግጦ። "አንገት ነው?"

እንዲህ ሆኖ ነው የዕድሜ ልክ ክፉነቴ በአንድ ሜትር የተወሰደብኝ። "እኔ ክፉ መሆን አላውቅም፤ ወላሂ፣ ልብስ ነው የማውቀው" ብሎ ቢለምንም ሃያት አልለቀቀችውም። እኔም ተነስቼ "እንኳን ደስ ያለህ፣ ወንድሜ" አልኩት። ይህን ስል መንጋጋዬ ጠቅ ሲል ራሴ ሰማሁት።

ቤት ገብቼ ለሰዓዳ ነገርኳት። ታጽናናኛለች ብዬ ነበር።

"ባበክር? የኛ ባበክር?" እጇን አፏ ላይ አደረገች። "ወይኔ፣ እንዴት ያምርበታል!"

"ክፋት ነው እኮ የሚያምርበት!"

"ቢሆንስ? ዝምተኛ ሰው ያስፈራል። ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም።"

"እኔስ?"

"አንተማ በሆድህ ያለውን ሁሉ ታወራለህ። ምን ተደብቆ ነው የሚፈራው?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅናት ይዞኝ ዋለ፤ ይዞኝ አደረ። የአሶሳን የመጋቢት ሙቀት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጥላ ሥር ብትገባም ተከትሎህ ይገባል። ቀረጻው እስኪጀመር ድረስ እንደወትሮው በየቀኑ ማንጎው ሥር እየሄድኩ ሻይ እጠጣለሁ። ፈገግ እላለሁ። "ልጆቹ ደህና ናቸው? ትንሿ ማንበብ ቻለች?" እላለሁ። ሆዴ ግን ሌላ ነው የሚለው፤ ይኼ ሰውዬ አንድ ቀን ጉንፋን እንኳ አይዘውም?

ቀረጻው ከከተማው ወጣ ያለ መንደር ውስጥ ተጀመረ። ሃያት የመጀመሪያውን ቀን ያሳለፈችው ዘመኑን በማባረር ነው። ቢጫው ጀሪካን ይነሳ! የፕላስቲክ ጫማ ይውለቅ! ጣሪያው ላይ ያለው ሶላር በሳር ይሸፈን! የመንደሩ ሰው ሁሉ ወደ ቅድመ አያቶቹ ዘመን ሲመለስ እኔም ሙጫ የተቀባ ጢም ተለጥፎልኝ፣ ጦር ይዤ፣ አንድ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ።

ባበክር ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ጉድጓዱ አጠገብ ቆመና ሃያትን ጠየቃት።

"ይህ ሰውዬ ለምንድነው ውሃ የሚከለክለው?"

"ክፉ ስለሆነ ነዋ፣ ጋሽ ባበክር።"

"አይደለም" አለ ራሱን እየነቀነቀ። "ሰው ክፉ ስለሆነ አይከለክልም። ይህ ሰውዬ ልጅ ሆኖ ጠምቶታል። ጥማት ያውቃል። ስለዚህ ይፈራል።"

አያችሁልኝ? ሃያ ፊልም አይቼ ያልደረስኩበትን አንድም ሳያይ ደረሰበት! ሁሉም ክፉ ራሱን ትክክል ነኝ ይላል፤ የሚያስፈራውም ይኼ ነው። ይህን እኔ ነበርኩ መናገር የነበረብኝ።

ካሜራው ተከፈተ። ባበክር በቀስታ ውሃ ቀዳና መጀመሪያ አህያውን አጠጣ። ቅል ይዘው የተሰለፉት የመንደሩ ሴቶች ፀሐይ ላይ ቆመዋል። አህያው ሲጠግብ የተረፈውን ውሃ ሴቶቹ እግር ሥር እያፈሰሰ አንድ በአንድ ይጠይቃቸው ጀመር።

"ሕፃኑ ደህና ነው? ቁመት ጨመረ? ጥርስ አወጣ?"

ውሃው አፈር ውስጥ ይሰርጋል፤ እሱ ፈገግ እንዳለ ነው። ይህ ጥያቄ ጽሑፉ ላይ አልነበረም። ሴቶቹ ትወናቸውን ረስተው ፈዘው ቀሩ። አንዲት አሮጊት ከልባቸው ረገሙት፤ ሃያት "በቃ!" ካለች በኋላም እርግማኑን አላቋረጡም። ባበክር ቅላቸውን ሞልቶ ሰጥቷቸው "ማዓሌሽ፣ እናቴ፣ ይቅርታ" እያለ ቢከተላቸው ሮጡ።

ቀጥሎ የእኔ ተራ ነበር። ያለኝ ትልቁ ቃል "ውሃ የሁሉም ነው!" የሚል ነው። መጀመሪያ ስል ጢሜ ወደቀ። ሁለተኛ "ውሃ የሁሉም ናቸው!" አልኩ። ሦስተኛ በትክክል ስል ዶሮ ጮኸ፤ ዶሮውም ከእኔ በላይ ተመልካች አገኘ። አሥራ አንድ ጊዜ ተቀረጽኩ። ባበክር አንድ ጊዜ።

በማግስቱ ከቀረጻው በፊት ባበክርን ሻይ ጋበዝኩት። ልቤ ውስጥ ያለው ሐሳብ ንጹሕ አልነበረም።

"ባበክር፣ እንደ ወንድም ልንገርህ። የፊልም ክፉ ካልሳቀ ሰው አያስታውሰውም።"

"እውነት ነው? እንዴት ነው የሚስቀው?"

አስተማርኩት። ደረትህን ንፋ፣ አፍህን ክፈት፣ ራስህን ወደ ኋላ ጣል። ሞከረ፤ የሚያስነጥስ ዶሮ መሰለ። "በጣም ጥሩ!" አልኩት። እንዲህ ስቆ ሲዋረድ በዓይነ ሕሊናዬ እያየሁ ስኳር በስኳር ላይ ጨመርኩ።

ካሜራው ፊት ደረቱን ነፋ፣ አፉን ከፈተ። ከጉሮሮው የወጣው ግን አንዲት ደረቅ ድምፅ ናት፤ ባዶ ቤት በር ሲከፈት እንደሚለው። አላለቀችለትም። አፉን በእጅጌው ጠረገና ማን እንዳየው ለማወቅ አፍሮ ዙሪያውን ተመለከተ። እኔ ለመሳቅ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ግን ማንም አልሳቀም። ሃያት ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

"መሳቅ የጠፋበት ሰው!" አለች። "የፊልሙ ትልቁ ነገር ይኼ ነው! ቲቸር፣ ማን አስተማራቸው?"

"እኔ እንጃ" አልኩ። እውነቱን ብናገር እንኳ የሚያምነኝ አልነበረም።

እስካሁን የነገርኳችሁ ቅናት ነው፤ አሁን የምነግራችሁ ግን በደል ነው። ባበክርን ያሳደጉት አጎቱ አሉ፤ ሼህ እንላቸዋለን። በከተማው የተከበሩ፣ ቃላቸው ጥቂት የሆነ ሽማግሌ። ከጁምዓ ሶላት ስንወጣ ጫማዬን እየፈለግሁ አጠገባቸው ደረስኩ።

"አባባ፣ ስለ ባበክር ሰምተዋል? ፊልም ላይ ለተጠማ ሰው ውሃ ይከለክላል። ሴቶች ይረግሙታል። ሰዉ ምን ይላል ብዬ ለእርስዎ አዝኜ ነው።"

ሼሁ አዩኝና ጫማቸውን አጥልቀው ሄዱ።

በማግስቱ ባበክር አልመጣም። ጀለቢያው ግን መጣ፤ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ የላላው ቁልፉ ጠብቆ። "ይቅርታ፣ አልችልም" የሚል መልእክት ብቻ ነበር አብሮት የመጣው። ካሜራው ወደ ባለቤቱ የሚመለስበት ቀን ሁለት ቀን ቀርቶታል። የነጋዴው ዋና ዋና ትዕይንቶች አልተቀረጹም። ሃያት ጀለቢያውን እያገላበጠች ቆየችና ወደ እኔ ዞረች።

"ቲቸር፣ እንግዲህ ያሉት እርስዎ ነዎት። ከመጀመሪያው እንደገና እንቀርጸዋለን።"

"ጎበዙስ ማን ይሆናል?"

"እኛን የሚያመላልሰን ሾፌር ይሆናል። ጎበዙንማ ማንም ይሆነዋል።"

ይህ አባባል በሌላ ቀን ይገድለኝ ነበር። ያን ቀን ግን ልቤ ዘለለች። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ዘለለች። ጀለቢያውን ለበስኩና ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጥኩ። ብርቱካን ስለጠፋ ማንጎ ልላጥ ብዬ ጠየቅሁ፤ ልጣጩ ሳይበጠስ ሲወርድ ታየኝ። ካሜራው ተከፈተ። የበሰለ ማንጎ ልጣችሁ ታውቃላችሁ? ሁለት ዙር ሳልሄድ ሙልጭ ብሎ ከእጄ ወጣና ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ጧ!

ያ ጉድጓድ እኮ የእውነት የመንደሩ ጉድጓድ ነው። ሰዉ ከአሥራ ዘጠኝ መቶ ወጥቶ በአንድ ጊዜ ወደ እኔ መጣ። እነዚያ አሮጊት በዱላቸው ወደ ደረቴ እየጠቆሙ፣ "ያኛው ይሻላል!" አሉ። "ያኛው ቢከለክል እንጂ አያቆሽሽም!"

ማንጎው በባልዲ ወጣ። ውሃ ለአህያው ሳቀርብለት አሸተተኝና ፊቱን አዞረ። ሳቄን ሳቅሁ፤ ሴቶቹ ቅላቸውን አስቀምጠው ወሬ ጀመሩ። ሃያት ካሜራውን ዘጋችና ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ባርኔጣዋን ፊቷ ላይ ደፋች። አላለቀሰችም። ቢሆንም የዚያን ቀን ከክፍል አስወጥቻት በመስኮት የቆመችውን ልጅ ትከሻ አየሁት፤ እንዲያው ዝቅ ያለ። ጀለቢያውን አውልቄ አጣጠፍኩትና የመጀመሪያውን ባጃጅ ይዤ ወደ ከተማ ሄድኩ።

ሼሁ ቤት ስደርስ ገንፎ በባሚያ ወጥ እየበሉ ነበር። "ብላ" አሉኝ። እጄን ታጥቤ ቀረብኩ።

"አባባ፣ ያን ቀን ያልኩዎት ከሐዘኔታ አልነበረም።"

"ከምን ነው?"

"ከቅናት ነው። ያን ክፉ ሰው መሆን እኔ ፈልጌ ነበር።"

ሼሁ አኝከው እስኪጨርሱ ጠበቅሁ።

"እኔ መች ከለከልኩ?" አሉ። "ባበክር መጣ፣ 'አጎቴ፣ ልተው?' አለ። እኔ አንድ ነገር ነገርኩት። አያቴ ያየው ሰው ነበር። ጉድጓድ ይዞ ነበር፤ ውሃ ይከለክላል። በጥማት ሰው ሲሞት ግን ቀብር ላይ ከሁሉ ቀድሞ ይመጣል። አፈር ይቆፍራል። ያለቅሳል። ሰው ይህን እያየ 'ደግ ሰው ነው' ይላል። ባበክር ይህን ሰምቶ ፈራ። 'ጨዋታ መስሎኝ ነበር' አለ።"

ጣታቸውን ላሱና ተነሱ።

"እንዲህ ያለ ሰው ካልታየ አይታወቅም። ና፣ አብረን እንንገረው።"

ማንጎው ሥር ሄድን። ሼሁ በቋንቋቸው ጥቂት ቃል ተናገሩ። ባበክር አጎንብሶ ሰማ፤ ከዚያ መቀሱን መሳቢያ ውስጥ ከተተና "ኸላስ፣ በቃ፣ እሄዳለሁ" አለ። እኔ ምን እንዳደረግሁ ሼሁ አልነገሩትም፤ እኔም አልነገርኩትም። በመንገዱ ሁሉ ባጃጅ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሁለታችንም ወደ ፊት እያየን ሄድን።

የቀሩት ትዕይንቶች በሁለት ቀን ተቀረጹ። የሼሁን ነገር ሃያት ስትሰማ አዲስ ትዕይንት ጨመረች፤ ነጋዴው በጥማት የሞተችን ሴት ቀብር ከሁሉ ቀድሞ ደርሶ አፈር ሲያለብስ። በመጨረሻው ትዕይንት እኔ ጦሬን ወደ ሰማይ ዘርግቼ "ውሃ የሁሉም ነው!" ስል በአንድ ጊዜ ተሳካልኝ። ያን ጊዜ ከባበክር በልጬ ነበር፤ እንዲህ ነበር የመሰለኝ።

ፊልሙ የታየው በአንድ አዳራሽ ነው። ከተማው ሁሉ መጥቷል። ሰዓዳ የክት ልብሷን ለብሳ አጠገቤ ተቀምጣለች። ባበክር መሳቅ ሲያቅተው ከኋላዬ አንድ ሰው "ያ ረብ" ሲል ሰማሁ። ቀብሩ ላይ አፈሩን በእጁ እያለሰለሰ "ልጆቹ ለማን ቀሩ?" ብሎ ሲያለቅስ አዳራሹ ውስጥ ማንም አይተነፍስም ነበር። ሰዓዳ ክንዴን ጨበጠችኝ፤ ጥፍሯ ገባ። የእኔን ክንድ በሌላ ሰው ፈርታ ስትጨብጠው ደስ ይበለኝ ወይስ ልናደድ አላወቅሁም።

ከዚያ እኔ ደረስኩ። ፀሐይ ከኋላዬ፣ ጦሬ ወደ ሰማይ። "ውሃ የሁሉም ነው!" እጄ ላይ የሆነ ነገር ብልጭ አለ።

ሰዓቴ ነበር። በቀረጻው ዕለት ጠዋት አስሬው የረሳሁት፣ ቁጥሩ የሚበራው።

"ጎበዙ!" አለ ከፊት ወንበር የተቀመጠ አንድ ሰው፣ "ስንት ሰዓት ሆነ?"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መንደሩ ከጥማት ነጻ ሲወጣ የሰማው ሰው የለም። ሰዓዳ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ተው ብዬ ብነካት ባሰባት። ፊልሙ ሲያልቅ ሰዉ ሁሉ ባበክርን ከበበው። እናቶች ልጆቻቸውን ከኋላቸው እየሸሸጉ እጁን ይጨብጣሉ። "እስቲ 'ሕፃኑ ደህና ነው?' በለኝ" ትለዋለች አንዷ፤ እሱ በእፍረት ሲል ትጮኻለች። ወደ እኔም አንድ ሰው መጣ። ፊቱ በደስታ በርቷል። ስልኩን ሰጠኝና፣ "እባክህ ከሱ ጋር ፎቶ አንሣን" አለኝ። ሰባት ሰው አነሣሁ። አንዱ "ደብዝዟል፣ ድገመው" አለኝ።

በማግስቱ ከሰዓት ማንጎው ሥር ሄድኩ። ሻዩን ሳልነካ ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ ሳቁን ያስተማርኩት ለምን እንደሆነ፣ ለሼሁ ምን እንዳልኩ፣ ሁሉንም። ባበክር መኪናውን እየረገጠ ሰማኝ።

"አውቃለሁ" አለ።

"አጎትህ ነገሩህ?"

"አጎቴ የሰው ነገር አይናገርም።" ክሩን በጥርሱ በጠሰ። "ሃያት 'ክፉ ሁን' ሲለኝ፣ ክፉ የት አያለሁ ብዬ አሰብኩ። ቪዲዮ ቤት አልሄድኩም። አንተ በየቀኑ ትመጣለህ። ፈገግ ትላለህ፣ ሻይ ትጠጣለህ፣ 'ልጆቹ ደህና ናቸው?' ትለኛለህ። ዓይንህ ግን ሌላ ነገር ይላል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ አየሁ፣ ለካሁ፣ ሰፋሁ።"

"ታዲያ ለምን አልተቆጣኸኝም?"

"ማዓሌሽ። ጓደኛዬ ነህ።" ቀና ብሎ አየኝና በዚያ የዋህ ድምፁ ጨመረ፤ "ግን ወላሂ፣ ልክህ ነው።"

ማፈር ነበረብኝ። አፈርኩም፤ ሻዩ እስኪያልቅ ድረስ። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ነገር ራሴ ውስጥ በራ። ከተማው ሁሉ የፈራው፣ እናቶች ልጅ የሸሸጉለት፣ ሰባት ሰው ፎቶ የተነሣው ያ ሰውዬ... እኔ ነኝ ማለት አይደለም? ብርጭቆውን አስቀምጬ ወደ ቤቴ ሮጥኩ። ሰዓዳ በረንዳ ላይ ለውዝ እየለቀመች ነበር።

"ሰዓዳ!" አልኩ እያለከለክሁ። "ያ የፊልሙ ክፉ ሰውዬ እኮ፣ ባበክር ከኔ ነው የቀዳው! ያ ሰውዬ እኔ ነኝ!"

ሰዓዳ ቀና አላለችም። አንዲት የነቀዘች ለውዝ መርጣ ወደ ውጭ ወረወረች።

"እና ይኼ ዛሬ ነው የገባህ?" አለችኝ።